በፎርማት ጦርነት መሃል የገዛሁት ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ኤችዲ ዲቪዲ የዲቪዲን ቦታ ለመውሰድ ከብሉ ሬይ ጋር የተፎካከረ ባለ ከፍተኛ ጥራት ዲስክ ነበር፤ የፎርማት ጦርነት የተባለው ይህ ፉክክር ነው። ቶሺባ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ ያንተ ምን ሊሆን ነው?» ምንም አልሆነም። ቴሌቪዥኑ ስር ቁጭ ብሎ ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ፊልም የምናየው በሱ ነው። ሜይ 2008 ላይ ስጠየቅም፣ ኖቬምበር 2007 ለምን እሱን እንደመረጥኩ የመለስኩት ስገዛው የተናገርኩትን ነው።

ኤችዲ ዲቪዲን የመረጥኩት ያሸንፋል ብዬ አልነበረም። ሪጅን ኮድ (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፍት የሚወስን ቁልፍ) ስለሌለው ነው። ስለ ሁለቱ ፎርማቶች ካነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ይህንን በአንድ መስመር ነው የሚያልፉት። ቤተሰቡ በየአህጉሩ ለተበተነ ሰው ግን ከምስል ጥራቱ እኩል የሚታይ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲቪዲ ዘመን ዓለምን በቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካ 1፣ ምዕራብ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እህቴ ደግሞ ለንደን። የምትልክልኝ ዲቪዲ እኔ ጋ አይከፍትም፣ የኔ ደግሞ እሷ ጋ አይከፍትም። በገንዘባችን የገዛነውን ፊልም እንኳ መዋዋስ አቅቶን ዓመታት አለፉ። ብሉ ሬይ ሲመጣ ክፍፍሉን ወደ ሦስት አወረደው። አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው። አውሮፓና አፍሪካ ቢ ናቸው። ቻይና፣ ሕንድና ሩሲያ ሲ ውስጥ ገቡ። ያው አጥሩ አለ። ኤችዲ ዲቪዲ ላይ ግን ይህ አጥር ጭራሽ የለም። ለንደን የተገዛው ዲስክ ቨርጂኒያ ይከፍታል፤ አለቀ።

ይህ ደግሞ ከመዋዋስም ያለፈ ጥቅም አለው። አንድን ፊልም በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ድርጅትና በአውሮፓ የሚያከፋፍለው ድርጅት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አገር በብሉ ሬይ ብቻ የወጣ ፊልም፣ ፈረንሳይ ወይም ጀርመን በኤችዲ ዲቪዲ ወጥቶ ይገኝ ነበር። እህቴ እንደዚህ ዓይነቶቹን እየፈለገች ልካልኛለች። እንግሊዝኛው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ አለ። ፊልሙ ያለ ምንም ችግር ይከፍታል። አንዳንዴ እንቢ የሚለው ለአውሮፓ ቴሌቪዥን ተብሎ በፓል የተቀዳው ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ ነው። ያን ያህል አላስጨነቀኝም።

ዋጋውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ አፕሪል 2006 አሜሪካ ገበያ ሲወጣ 499 ዶላር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የብሉ ሬይ ማጫወቻ 999 ዶላር ተጠየቀበት። በ2007 መገባደጃ ላይ አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች የኤችዲ ዲቪዲውን ዝቅተኛ ሞዴል ለጥቂት ቀናት ከ100 ዶላር በታች ሸጡት። በዚያው ሰሞን ብሉ ሬይም የሚያጫውተው የጌም ማሽን፣ 40 ጊጋባይት ያለው ፕሌይስቴሽን 3፣ በ399 ዶላር ወጣ። ብሉ ሬይ ለሚፈልግ ሰው ያኔ ከሱ የተሻለ አማራጭ አልነበረም። እኔ ጌም አልጫወትም፤ ልጆቼም ገና ናቸው። በሦስት መቶ ዶላር ልዩነት ብዙ ዲስክ ይገዛል። በዚያ ላይ ከማጫወቻው ጋር ቅጽ ሞልቶ ለላከ አምስት ፊልም በነፃ ይሰጥ ነበር። ፊልሞቹ ቆይተው መጡ፤ ግን መጡ።

አሁን ወደ ምስሉ። ቴሌቪዥናችን 42 ኢንች ፕላዝማ ነው። ማጫወቻው የሚያወጣው 1080 አይ ነው፤ አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍሎ ይልካል። ውዶቹ ሞዴሎች ምስሉን በአንዴ ሙሉውን የሚልከውን 1080 ፒ ያወጣሉ። ብዙ ሰው በዚህች ፊደል ምክንያት ተጨንቆ መቶ ሁለት መቶ ዶላር ይጨምር ነበር። በኛ ዓይነት ቴሌቪዥን ልዩነቱን አታዩትም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ደህና ቴሌቪዥን 1080 አዩን ተቀብሎ መልሶ ይገጣጥመዋል። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ስክሪኑ ከ50 ኢንች በላይ ከሆነ ያኔ 1080 ፒውን አስቡበት። ጥራቱን በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል። የፊት ቆዳ ይታያል። ሌሊት የተቀረጸ ትዕይንት ላይ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል፤ ዲቪዲ ላይ የለመድነው ግራጫ ጭጋግ የለም። የልብስ ክር ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ ወደ ተራ ዲቪዲ መመለስ ይከብዳል።

ከብሉ ሬይ ጋር ጎን ለጎን አይቼዋለሁ። አንድ ጓደኛዬ ፕሌይስቴሽን 3 አለው። በሁለቱም ፎርማት የወጣ አንድ ፊልም እየቀያየርን አየን። እኔም እሱም መለየት አልቻልንም። ሁለቱም የሚያነቡት በ405 ናኖሜትር ሰማያዊ-ሐምራዊ ሌዘር ነው፤ ተራው ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ነበር። ምስሉን የሚያጭቁበት መንገድም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ዲስኩ ላይ ነው። ኤችዲ ዲቪዲ በአንድ ንብርብር 15፣ በሁለት ንብርብር 30 ጊጋባይት ይይዛል። ብሉ ሬይ 25 እና 50። የኤችዲ ዲቪዲ መረጃ ልክ እንደ ዲቪዲው 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው፤ የድሮዎቹ የዲቪዲ ፋብሪካዎች ብዙ ሳይለወጡ ያመርቱት የነበረውም ለዚህ ነው። ብሉ ሬይ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ገጹ ድረስ ስለቀረበ ጭረት የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን ያስፈልገዋል። ለሁለት ሰዓት ፊልም 30 ጊጋባይት በቂ ነው። ረጅም ፊልም ላይ ከነተጨማሪው መጥበቡ እውነት ነው።

በብዛት የተጠቀምኩበት ነገር ግን ኤችዲ ዲቪዲው ራሱ አይደለም። የድሮ ዲቪዲዎቼ ናቸው። መደርደሪያ ሙሉ አሉኝ፤ ሁሉንም እንደገና ልግዛ ብል አቅሙም የለኝ። ይህ ማጫወቻ ተራውን ዲቪዲ በኤችዲኤምአይ ገመድ አሳድጎና አጥርቶ ነው የሚያወጣው። የልጆቹ ካርቱኖች፣ የባለቤቴ ተወዳጅ ድራማዎች፣ ሁሉም ታድሰዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ እንኳ የከፈልኩትን አያስቆጭም።

ድምፁም አስደስቶኛል። ያለን ሪሲቨር (ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) አሮጌ ነው፣ ኤችዲኤምአይ አይቀበልም። ማጫወቻው የዲስኩን አዳዲስ የድምፅ ዓይነቶች (ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ወይም ትሩ ኤችዲ) አሮጌው ሪሲቨር ወደሚያውቀው ዲቲኤስ ቀይሮ በኦፕቲካል ገመድ ይልክለታል። አዲስ ሪሲቨር ሳልገዛ ከዲቪዲው የተሻለ ድምፅ አገኘሁ። ይህንን ያሰበበት መሐንዲስ ይመስገን።

የሚያናድደው ፍጥነቱ ነው። ከተበራ ጀምሮ ዲስኩን አንብቦ ፊልሙ እስኪጀምር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ተነስታችሁ ሻይ ቀድታችሁ ትመለሳላችሁ። ሪሞቱ ላይ የምትጫኑትንም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሁለት ጊዜ ከተጫናችሁ ሁለቱንም ይፈጽምና ያልፈለጋችሁት ቦታ ይወስዳችኋል። የሪሞቱ ቁልፎች መብራት የላቸውም፤ ጨለማ ውስጥ በመዳበስ ነው።

ሌላው ባለ ሁለት ፊት ዲስኮቹ ናቸው። በአንድ ፊት ኤችዲ ዲቪዲ፣ በሌላው ተራ ዲቪዲ የሆኑት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መኪና ውስጥ ላለው ማጫወቻም ይሆናሉ። ግን ይወደዱ ነበር፣ መሃል ላይም ቀጥ የሚሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የኢንተርኔት ገመድ ሰክቼ ሶፍትዌሩን ካደስኩ በኋላ መቆሙ በጣም ቀንሷል። ሁሉም የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ የኢንተርኔት ሶኬት ይዞ ነበር የሚወጣው፤ ግዴታ ነበር። በትንሽ መስኮት ዳይሬክተሩ ሲያብራራ የምታዩበት ነገርም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር። ብሉ ሬይ ላይ ይህ ትንሽ መስኮት ለአዳዲስ ማጫወቻዎች ግዴታ የሆነው ኖቬምበር 2007 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ያላለቀ ዕቃ ነው የተሸጠላቸው። ይህ እስካሁን ያበሳጨኛል።

አንድ ነገር ግን አይሠራም፤ ቪሲዲ። ያኔ ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛቸው የአማርኛ ፊልሞች ገና ብዙዎቹ ቪሲዲ ነበሩ። የኔው አያነባቸውም። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የምታየው እነሱን ስለሆነ፣ ሁሉን የሚያነበውን ርካሹን የድሮ ማጫወቻ ከጎኑ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም አትጣሉት።

ጦርነቱ ያለቀው በጥራት አልነበረም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 የፊልም ድርጅቱ ዋርነር ከብሉ ሬይ ጋር ብቻ እንደሚቀጥል አስታወቀ። እስከዚያ ለሁለቱም ያወጣ ነበር። የኤችዲ ዲቪዲው ወገን በላስ ቬጋሱ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ይዞት የነበረውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዘ። ቶሺባ በዚያው ወር ዋጋ ቀነሰ፤ ፋይዳ አልነበረውም። ፌብሩዋሪ 11 ያኔ ዲስክ በፖስታ የሚያከራየው ኔትፍሊክስ ወደ ብሉ ሬይ ሄደ። 15 ላይ ትልቁ የመደብር ድርጅት ዎልማርት ተከተለ። በአራተኛው ቀን ቶሺባ በቃኝ አለ። ሶኒ፣ ዲዝኒና ፎክስ ቀድሞውንም ብሉ ሬይ ጋ ነበሩ። ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ብሉ ሬይን ሳይፈልጉት ሚሊዮኖች ቤት አስገባው። በቪዲዮ ካሴት ዘመን፣ በቪኤችኤስና በቤታማክስ ፉክክር የተሸነፈው ሶኒ በዚህኛው አሸነፈ።

በሜይ 2008 ምን ልግዛ ላሉኝ መልሴ ይህ ነበር፦ አዲስ የሚወጣ ፊልም ለሚከታተል ብሉ ሬይ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። በጊዜው በነበረው ዋጋ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 3 ይሻል ነበር። ማርች 2008 ላይ በሶፍትዌር ማደሻ ብቻ ቢዲ ላይቭን (ለዲስኩ ተጨማሪ ነገር ከኢንተርኔት የሚያመጣውን አገልግሎት) አግኝቶ ነበር። ሌሎቹን ማጫወቻዎች የሚገዛ ሰው ፕሮፋይላቸው (የትኞቹን ተጨማሪ አገልግሎቶች እንደሚችሉ የሚናገረው ደረጃ) ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ ገንዘብ ማውጣት አልነበረበትም። ብዙ ዲቪዲ ላላቸውና የሚቸኩሉበት ነገር ለሌላቸው ግን የተረፈውን ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ በርካሽ ካገኛችሁ አንሱት እል ነበር። ዲስኮቹም መደብሮች እያራገፉ ስለነበር በዲቪዲ ዋጋ ይገኙ ነበር። እኔም በዚያ ወር የምፈልጋቸውን እየለቀምኩ ነበር፤ ዋርነርም በዚህ ፎርማት የሚያወጣው እስከ ሜይ 2008 መጨረሻ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ብሉ ሬይ ለመላክ የምታስቡ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። ኢትዮጵያ ያለችው ሪጅን ቢ ውስጥ ነው፤ ከአሜሪካ የምትገዙት ማጫወቻ ኤ ነው። ከአውሮፓ ወይም ከዚያው አካባቢ የተገዛ የተቆለፈ ዲስክ አይከፍትም። የማጫወቻውን ጀርባም ገልብጡና ቮልቴጁን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ 220 ነውና ትራንስፎርመር አብራችሁ ላኩ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል።