የአያቴን የኮሪያ ሜዳሊያ ፍሬም ያደረገልን ልጅ (ባህር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ)

ባህር ዳር ሆናችሁ የአባት የአያት ሜዳሊያ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ካላችሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችው ትንሿ ፍሬም ቤት ውሰዱት። ሥራው ቆንጆ ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ልጁ የያዘው ዕቃ ምን እንደሆነ ጠይቆ ገብቶት ነው የሚሠራው።

የኛ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ያገኙት የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ክብ ነሐስ ነው፣ ፊቱ ላይ የድርጅቱ ዓርማ፣ ጀርባው ላይ የቻርተሩን መርሆዎች ለመከላከል ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ፣ ከላይ ኮሪያ የምትል ብረት፣ ሪባኑ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቀ 17 መስመር፣ 9ኙ ሰማያዊ 8ቱ ነጭ። የኢትዮጵያውያኑ ጽሑፍ እኮ በአማርኛ ነው የተቀረጸው፣ የግሪኮቹ በግሪክኛ የቱርኮቹ በቱርክኛ እንደሆነው ማለት ነው። ያ ፊደላችን እዚያ ላይ ተቀርጾ ሳየው ሁሌም ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ወስደነው ነበር፣ ሰውዬው በደንብ ሳያየው «አጥበን ወርቅ እንቀባዋለን፣ ሪባኑም አርጅቷል በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንቀይረው» አለን። በስመአብ! ሪባኑ እኮ ሜዳሊያው የየትኛው ዘመቻ እንደሆነ ከሩቅ የሚለይበት ነው፣ ባንዲራችን ክቡር ነው ግን ቦታው እዚያ አይደለም። እናቴ ከእጁ ተቀብላው ወጣን።

የጊዮርጊሱ ልጅ ግን እጁን ታጥቦ አድርቆ ጠርዙን ብቻ ይዞ አየውና «እናቴ ይሄ ጥቁረት የዕድሜው ነው፣ ከተወለወለ ፊደሉ ይበላል፣ ባይነካ ይሻላል» አላት። ሙጫ የሚባል አላስነካውም፣ ሪባኑን ከኋላ በስስ ክር ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ላይ ሰፋው፣ በጣና እርጥበት ጨርቁ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ እንዳይሻግት መሀሉ ላይ ክፍተት ተወለት፣ ሰማያዊው እንዳይለቅም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት ብሎ መከረን።

ከሥር የሚገባው ጽሑፍ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። አጎቴ «የጀግንነት ሜዳሊያ» ይባል አለ፣ ልጁ ከማተሙ በፊት ለምን እንደተሰጠ ጠየቀ፣ ጥሩ አደረገ። ምክንያቱም የዘመቻ ሜዳሊያ ነው፣ መስፈርቱ በኛ አቆጣጠር ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ባለው ጊዜ ኮሪያ ወይ አካባቢዋ ቢያንስ 30 ቀን ማገልገል ነው። ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 1945 ስለሆነ ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት የሄደም ያገኘዋል፣ ምሽግ ያደረውም ወጥ ቤት የሠራውም ቁስለኛ የተሸከመውም እኩል ነው። ይሄ ክብሩን አንድ ነገር አይቀንሰውም፣ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበት አንድም ያልተማረከበት ጦር አባል መሆን በራሱ በቂ ነው፣ ጭማሪ አይፈልግም። በመጨረሻ ስማቸው፣ ቃኘው ሻለቃ፣ የኮሪያ ዘመቻ ተብሎ ተጻፈ፣ አጎቴም ተስማማ።

ዋጋው 2,500 ብር ነው፣ ለዚህ ሥራ አልበዛም። የማይመቸው ነገር ቀጠሮ ያዘገያል ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ ለተዝካር ወይ ለሠርግ ከፈለጋችሁት ቀደም ብላችሁ ስጡት። ሌላው ደግሞ ከኋላ ስለሚታሸግ የጀርባው አማርኛ አይታይም፣ እኛ ፎቶ አንስቶ ከጎኑ አስገባልን፣ ሁለቱም ፊት እንዲታይ የምትፈልጉ ግን በሁለት መስታወት እንዲሠራው ከመጀመሪያው ንገሩት፣ ይሠራል፣ ዋጋው ብቻ ይጨምራል።