ድሬዳዋ ወይስ ሐረር፣ ደረቅ ወይስ ፈሳሽ፦ የከባድ መኪና ማሠልጠኛ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ደረቅ ወደቡ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ እና የጅቡቲ መስመር ባሉበት አካባቢ የከባድ መኪና ሹፌር ሁልጊዜም ይፈለጋል። ስለዚህ ከድሬዳዋው ሳቢያን እስከ ሐረሩ ሸንኮር «ደረቅ (የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ) ላውጣ ወይስ ፈሳሽ (የቦቴ)?»፣ «እዚሁ ልማር ወይስ ሐረር ልሂድ?» የሚል ብዙ ነው። የማሠልጠኛዎቹ ማስታወቂያ ግን ለምርጫ አይረዳም፤ ሁሉም ብቁ አሠልጣኝ እና ዘመናዊ መኪና አለን ይላሉ። እኛ የምናወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፦ በከፈላችሁት ገንዘብ ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት መኪና፣ በምን ዓይነት መንገድ ላይ ራሳችሁ መሪ ትይዛላችሁ?

ዋጋውን በመሪ ሰዓት አካፍሉት

ማሠልጠኛዎች የሚነግሯችሁ የተግባር ሰዓት ብዙ ጊዜ መኪናው የሚሠራበት ሰዓት ነው። በአንድ መኪና ላይ ስምንት ሠልጣኝ ከተመደበ 40 ሰዓት ማለት ለእያንዳንዱ 5 ሰዓት ነው። አራት ከሆኑ 10 ሰዓት ይደርሳቸዋል። ለስሌት ያህል አንዱ 20,000 ብር ጠይቆ ስምንት ሰው፣ ሌላው 30,000 ብር ጠይቆ አራት ሰው ቢመድብ፣ የመጀመሪያው የመሪ ሰዓት 4,000 ብር፣ የሁለተኛው 3,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ።

ጋቢና ውስጥ ጎን ተቀምጦ ማየትም ጥቅም አለው፤ የሌላውን ስሕተት እያዩ ስፖኪዮ መከታተልን ይማሩበታል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግን የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የሠልጣኝ ቁጥር በመኪና፣ የእያንዳንዱ ሰው የመሪ ሰዓት፣ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ ለፈተና ቀን የመኪና ኪራይ ተካቶ እንደሆነ፣ ፈተና ለወደቀ ሰው የሚጨመረው ልምምድ ስንት እንደሚያስከፍል ይጻፍ። በቃል የተነገረ «እናስተካክላለን» አይቆጠርም።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም፦ በምትመዘገቡበት ምድብ ዛሬ የሚሠራ መኪና ስንት አለ? ያለው አንድ ተሳቢ ብቻ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ዕለት የሁላችሁም ሥልጠና ጋራዥ ገባ ማለት ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ደግሞ ከየትኛውም መኪና ይልቅ በለማጅ መኪና ላይ ቶሎ ያልቃል።

አይሱዙ ላይ መማር እና ሲኖ ላይ መማር

ሁለቱም የጭነት መኪና ቢባሉም ለእግር እና ለእጅ የተለያየ ትምህርት ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከፍሬን ነው። አይሱዙ ኤን ፒ አር በዘይት ፍሬን ነው የሚቆመው፤ ፔዳሉ እንደ አውቶሞቢል ነው፣ በረገጣችሁት መጠን ይይዛል። ሲኖ ትራክ እና ሌሎች ከባድ መኪናዎች የአየር ፍሬን አላቸው። ሞተሩን አስነስታችሁ የአየር ሰዓቱ (የግፊት መለኪያው) ወደ 8 ባር እስኪጠጋ ትጠብቃላችሁ፤ ከ5 ባር አካባቢ በታች ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፣ የሚለቀው ደግሞ አየር። ስለዚህ አየር ሲያልቅ መኪናው ራሱን ይቆልፋል። በአይሱዙ ብቻ የለመደ ሰው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ደጋግሞ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት አየር ይባክናል፣ ኮምፕሬሰሩም አይደርስም።

ጥሩ አሠልጣኝ መሪ ከማስያዙ በፊት ሦስት ነገር ያሳያል። ከአየር ጋኖቹ ሥር ባለው ማፍሰሻ የተጠራቀመውን ውኃ ማውጣት አንዱ ነው። ሞተር አጥፍቶ፣ ፔዳል ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል የአየር ሰዓቱን ማየት ሁለተኛው ነው፤ መርፌው ያለማቋረጥ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሦስተኛው ጎማ ነው፦ መለካት ያለበት ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ በቀዝቃዛው። በድሬዳዋ ፀሐይ የነደደ ጎማ የሚያሳየው ግፊት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነው፤ «በዝቷል» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው ሌሊት ላይ የላላ ጎማ ይዞ ይቀራል። የላላ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው በደወሌ መንገድ ዳር የምታዩት የጎማ ብጥስጣሽ ብዙው ከዚህ ይመጣል።

ማርሹ ሌላ ነው። አይሱዙ ላይ ማርሾቹ ጥቂት ናቸው፣ እጅ ቶሎ ይለምዳቸዋል። በብዙዎቹ ሲኖ ትራኮች 10 ወደፊት እና 2 ወደኋላ አለ፤ ከታችኛው 5 ወደ ላይኛው 5 መሻገሪያው ላይ ነው ለማጅ የሚሳሳተው። ስድስተኛ አስገባሁ ብሎ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይወድቃል፣ ካምቢዮው ይጮኻል፣ ደንግጦ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) ያደርገዋል። ሜዳ ላይ ይህ ሳቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ግን ጭነት የያዘ መኪና ፎሌ ከገባ በኋላ ተመልሶ ማርሽ ማስገባት በጣም ያስቸግራል።

ተሳቢውን ወደኋላ መንዳት ብቻውን ብዙ ሰዓት ይበላል። ከፊል ተሳቢ አንድ መታጠፊያ አለው፦ ተሳቢው በቀኝ ስፖኪዮ ሰፍቶ መታየት ከጀመረ መሪውን ወደ ቀኝ በትንሹ ማዞር ይመልሰዋል። ሙሉ ተሳቢ ግን ሁለት ቦታ ይታጠፋል፣ መንጠቆው ላይ እና ከፊት ጎማዎቹ በላይ ባለው መዞሪያ። ስለዚህ ያ ደንብ ይገለበጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትንሽ ማረም፣ ቶሎ መመለስ፣ ማዕዘኑ ካደገ ቆሞ ወደፊት ወጥቶ ማስተካከል ነው። ማሠልጠኛው ያለው ከፊል ተሳቢ ብቻ ሆኖ፣ ልትቀጠሩ ያሰባችሁበት ድርጅት ሙሉ ተሳቢ የሚያሠራ ከሆነ፣ መንጃ ፈቃዱን ይዛችሁ መጋዘን በር ላይ ትቸገራላችሁ።

አይሱዙ የሚበቃበትም ሥራ አለ። ከአወዳይ የሚነሣው ጫት፣ የገበያ አትክልት፣ የከተማ ውስጥ ማከፋፈል በአብዛኛው በእነዚህ ነው። የጫት መኪኖቹ ፍጥነት ስም ያወጣላቸው ነው፤ እንዲያ የመንዳት ትምህርት ግን የትኛውም ማሠልጠኛ አይሰጥም፣ አይስጥም።

ባዶ መኪና ይዋሻል። አብዛኛው ልምምድ በባዶ ነው፤ ባዶው መኪና ፍሬን ሲመታ ይዘላል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ቁልቁለት ላይ ግን የሚገፋው ክብደት የለም። ጭነት ይዞ፣ ቢያንስ ጥቂት አሸዋ ጭኖ የሚያለማምድ ካገኛችሁ፣ በዋጋ ትንሽ ቢበልጥም ውሰዱት።

ድሬዳዋ እና ሐረር

በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን የመሬቱ ጠባይ አይገናኝም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ዳገት እና ጠመዝማዛ። ለጀማሪ ድሬዳዋ ይሻላል ባይ ነን። ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ አለ፣ ማርሽ በቅደም ተከተል ለመቀየር እና ተሳቢ ለማቆም ቦታ ይገኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እና የደረቅ ወደቡ አካባቢ ኋላ የምትሠሩበት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው። ጉዳቱ ሙቀት ነው። በተለይ ግንቦት እና ሰኔ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ጋቢና ውስጥ መማር ድካም ብቻ ነው፤ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለውን የጠዋት ምድብ ጠይቁ። የከሰዓት ምድብ ሲሰጧችሁ በእርግጥ ስንት ቀን እንደሚካሄድ የቀድሞ ሠልጣኞችን ጠይቁ፤ በርጫ ሰዓት እና ሥልጠና ሰዓት ሲገጣጠሙ የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቃል።

ሐረር ዳገት ላይ መነሣትን ያስተምራል። የእጅ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮኑ መጎተት ሲጀምር መልቀቅ፣ ሳይንሸራተት መነሣት፣ እዚያ የየዕለት ሥራ ነው። አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል። ቦታ ግን ይጠባል፤ ተሳቢ ይዞ ከተማ ውስጥ መለማመድ አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ማሠልጠኛው የራሱ ሜዳ እንዳለው ሄዳችሁ እዩ። ከድሬዳዋ እየተመላለሱ ሐረር መማር አይመከርም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚበላው ጊዜ እና ትራንስፖርት በጠዋቱ ምድብ ላይ ያስረፍዳል፤ ያረፈደ ሠልጣኝ ተራው ለሌላ ይሰጣል።

ሁለቱን የሚያገናኘው የደንገጎ ዳገት ነው፣ ለእኛ የንጽጽሩ ፍርድ የሚሰጠውም እዚያ ነው። ማሠልጠኛው በየትኛውም ከተማ ይሁን፣ በሥልጠናው ውስጥ ደንገጎን መውጣት እና መውረድ ካለበት ከሌለበት ይበልጣል። ሲወርዱ ማርሽ የሚመረጠው ጫፍ ላይ፣ መኪናው ሳይፈጥን ነው፤ በጭነት ለመውጣት በተጠቀማችሁበት ማርሽ ወይም አንድ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ሞተር ፍሬን ይያዝ፣ የእግር ፍሬን ለማገዝ ብቻ። ሙሉ መንገዱን በእግር ፍሬን የወረደ ሰው ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መያዝ ያቅተዋል። የሸራ ሽታ ከመጣ መቆም ነው፤ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውኃ አታፍሱበት፣ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ሲወጡ ደግሞ ዐይን ከሙቀት መለኪያው አይለይ። አናት ላይ ደርሳችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ይሥራ፣ ተርቦው የሚቀዘቅዘው በዘይቱ ዝውውር ነው።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 አካባቢ የመንገድ ልምምድ አትያዙ። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መንገዱን ይሞላዋል፣ ለለማጅ መኪና የሚተርፍ ቦታ የለም።

ደረቅ እና ፈሳሽ

ለመጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ደረቅን እንመርጣለን። ሥራው ብዙ ዓይነት ነው፦ ሲሚንቶ፣ ኮንቴይነር፣ እህል፣ ብረት። ጭነቱም ከታሰረ አይንቀሳቀስም። ቦቴ ውስጥ ያለው ግን ከመኪናው ጋር አይቆምም። ፍሬን ይዛችሁ መኪናው ከቆመ በኋላ ፈሳሹ ወደፊት መጥቶ ይገፋችኋል። ታንከሩ ውስጥ ያሉት አግድም ክፍልፋዮች ይህን የፊትና ኋላ ምት ይቀንሱታል፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚያደርገውን ማዘንበል ግን አያስቀሩትም። አደገኛው ሙሉ ቦቴ ሳይሆን ግማሹ የሞላ ነው፣ መንቀሳቀሻ ቦታ ስላለው። ነዳጅ ቦቴ ደግሞ እስከ አፉ አይሞላም፤ በሙቀት ነዳጁ ይሰፋል፣ የሚሰፋበት ቦታ ይቀርለታል።

የአገሪቱ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ ለፈሳሽ ሹፌር ገበያ አለ። ቀጣሪዎች ግን ለነዳጅ ቦቴ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ይዞ ቀጥታ ነዳጅ እጭናለሁ ብሎ መክፈል ቁማር ነው። የውኃ ቦቴ መንዳት ለፈሳሽ ጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ማዕበሉ ያው ነው፣ ቢፈስ ግን አይቀጣጠልም። ፈሳሽ ልትማሩ ከወሰናችሁ ማሠልጠኛው በእውነተኛ ቦቴ፣ ከፊሉን ውኃ ሞልቶ የሚያለማምድ መሆኑን አረጋግጡ። በባዶ ቦቴ የተማረ ሰው የተማረው ደረቅን ነው።

ምድቡ ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ደረቅ 1፣ 2፣ 3 ወይም ፈሳሽ 1፣ 2፣ ባደገ መጠን የሚፈቀደው መኪና ይከብዳል፤ ተሳቢ ለማሽከርከር የላይኛው ያስፈልጋል። ልትነዱት ያሰባችሁት መኪና ካለ ሊብሬውን አይታችሁ የመጫን አቅሙን ከምድቡ ጋር አመሳክሩ። ከምድቡ በላይ የሆነ መኪና ሲያሽከረክር አደጋ ያደረሰ ሹፌር የኢንሹራንስ ክርክር ውስጥ ይገባል፣ ባለቤቱም አብሮ።

ሰነድ እና ፈተና

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ዕድሜን፣ ትምህርትን እና ጤናን በየምድቡ ይጠይቃል። መዝጋቢው «ችግር የለም» ቢልም፣ ከመክፈላችሁ በፊት መታወቂያችሁን እና የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውን ይዛችሁ ማሠልጠኛው ባለበት ከተማ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አሳዩ። ድሬዳዋ እና ሐረሪ የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያስመልሰው በመታወቂያ እና በትምህርት ማስረጃ ላይ ያለ የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው፤ የአያት ስም በአንዱ «መሐመድ» በሌላው «ሙሐመድ» ከሆነ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። የዐይን ምርመራውንም መጀመሪያ አድርጉት፤ መነጽር ካስፈለገ በመነጽር መለማመድ ያለባችሁ ከመጀመሪያው ቀን ነው።

የሚፈትነው ማሠልጠኛው አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ «ፈተናውን እናሳልፋለን» የሚል ማሠልጠኛ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በተግባር ፈተና ሰው የሚጥለው በአብዛኛው ከባድ ነገር አይደለም፦ ከመነሣት በፊት ስፖኪዮ አለማየት፣ ፍሬቻ መርሳት፣ ዳገት ላይ ሞተር ማጥፋት እና መንሸራተት፣ ወደኋላ ሲሄዱ መስመር መርገጥ። የምትፈተኑበት መኪና የተለማመዳችሁበት ራሱ እንዲሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ከፍታ ከመኪና መኪና ይለያያል፣ በፈተና ጠዋት የሚለመድ ነገር አይደለም።