የጠፋችውን ልቦለዴን ያገኙልኝ ጋሼ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የድሮ መጽሔት የምትፈልጉም ሆነ ቤታችሁ አቧራ የጠጣ መጽሔት ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

በ1988 የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንዲት አጭር ልቦለድ አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት በፖስታ ልኬ ወጣችልኝ። መጽሔቱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ የእኔም ኮፒ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስዞር ጠፋ። ባለቤቴ «ደራሲው» እያለች ስትስቅብኝ 20 ዓመት አለፈ።

ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ሽምብጥ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ዘንድ ወሰደኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ጋሼ ልበላቸው። ሰርቪስ ቤታቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ መጽሔት ነው፤ በ1985 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሰዎች ከኪሳቸው እያወጡ ያሳተሟቸው፣ ሦስት አራት ዕትም ታይተው የከሰሙት ሁሉ። «የካቲት መጽሔትን መንግሥት ያሳትመው ነበር፣ ዘመድ አያጣም። እነዚህንስ ማን ያስቀምጣቸው?» አሉኝ። ግማሹን በኪሎ ገዝተው ከቆሎ መጠቅለያነት ያተረፉት ነው። በ2006 ክረምት አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ ሲከሰሱ ደግሞ ሰው በፌስታል እየቋጠረ በር ላይ ጥሎላቸው ይሄድ ነበር አሉ።

የጣና እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው። የሐይቁ ገዳማት፣ የነዳጋ እስጢፋኖስ ብራና ስንት መቶ ዓመት ችሏል፤ የጋዜጣ ወረቀት ግን ውስጡ ያለው አሲድ ራሱ ይበላውና ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ገጾቹን አያይዞ የያዘው ሽቦ የዛገበት ቦታ ነው። ጋሼ ሽቦዋን በቢላ ጫፍ ቀስ አድርገው ፈልቅቀው ያወጡና በዚያው ቀዳዳ በመርፌና በክር ይሰፉታል። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። ሐምሌና ነሐሴ መስኮት የሚባል ነገር አይከፈትም።

እኔን የገረመኝ ግን ደብተራቸው ነው። የእያንዳንዱ ግጥምና ልቦለድ ርእስ፣ ጸሐፊና የዕትም ቁጥር በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍሯል። ስሜን ፈለጉ፣ የለም። ርእሷን ስነግራቸው በሁለት ደቂቃ አወጧት። ለካ የአባቴ ስም ተሳስቶ ታትሞ ኖሯል! እንዳላየሁትስ እንዴት ሆነ? ደስታው ይሆናል።

ማዋስ የለም። እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብና በስልክ ፎቶ ማንሳት ግን ይቻላል። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ጠንካራ ክር ወይም የጎደላቸውን ዕትም ይዞ ለሚመጣ ሻይ ይፈላለታል። መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው ራሴ አደርሳችኋለሁ።

ፎቶውን ለባለቤቴ አሳየኋት። «ይሄማ ሌላ ሰው ነው» አለች።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።