የብሎካችንን ፎርም በሊብሬኦፊስ ሠራሁት፤ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሁለት ሦስቴ «ገና ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሰፈር። አምና የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ተደርጌ ተመረጥኩ። ተመረጥኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ስብሰባው ላይ ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁሉም ዞሮ አየኝና አለቀ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የነዋሪ መዝገብ ማሰባሰብ ነበር። የቤት ቁጥር፣ ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ፣ ስንት ሰው ይኖራል፣ ስልክ፣ ድንገት ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው፣ የሮቶ መዋጮና የጥበቃ ክፍያ በምን በኩል እንደሚከፍል። ከዚህ በፊት ይህን የሚያዞረው ጥበቃው ነበር፣ በወረቀት። ቀን ሰው ቤት የለም፣ ማታ ሰው ደክሞታል። ከባለቤቶቹም ግማሾቹ ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ነው የሚኖሩት፣ ውጭ አገር ያሉም አሉ። ስለዚህ የፈለግኩት ነገር ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ፦ በቴሌግራም የሚላክ፣ ሰው ስልኩ ላይ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው፣ ሴቭ አድርጎ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ አንዱን ለኛ የሚመልሰው ፎርም።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮፒ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጁ ክፉ አይደለም። 400 ብር ከፈልኩና በማግስቱ «ፒዲኤፍ አድርጌልሻለሁ» ብሎ ላከልኝ። ሲያዩት ያምራል። ርዕሱ በደማቁ፣ ነጠብጣቦቹ በሥርዓት ተደርድረው። ብትነኩት ብትነኩት ግን ምንም የለም። በዎርድ ጽፎ በፒዲኤፍ ሴቭ አድርጎታል፣ በቃ። ዎርድ እንዲህ ሲያስቀምጥ የሚያወጣው ወረቀት ነው፤ የሚጻፍበት ሳጥን የሚባል ነገር አብሮ አይወጣም። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። አንዷ ጎረቤቴ አሳትማ፣ በእስክሪብቶ ሞልታ፣ ፎቶ አንስታ፣ በጎኑ አጋድማ ላከችልኝ። ሌሎቹ ዝም አሉ። አንዱ ደግሞ መልሱን በሙሉ በድምፅ ቀርጾ ላከው። ሁለት ደቂቃ ተኩል።

ከዚያ ነው ራሴ ልሞክረው ያልኩት። ፒዲኤፍን የፈጠረው አዶቢ ነው፣ በፈረንጆች 1993። አክሮባት የሚባለው የሚከፈልበት ፕሮግራሙ እንዲህ ዓይነት ፎርም ለመሥራት የታወቀው መሣሪያ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግሩ ክፍያው በዶላር፣ ካርዱም ውጭ የሚሠራ መሆን አለበት። ለብሎክ ኮሚቴ? ገንዘብ ያዣችን ጋሼ ይህን ቢሰሙ ስብሰባ ይጠሩብኛል።

ስለዚህ ሊብሬኦፊስ፣ እንደ ዎርድና ኤክሴል ደብዳቤና ሰንጠረዥ የሚሠራበት። ነፃ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ምናምን የሌለው የምር ነፃ። በፈረንጆች ከ2010 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ በአማርኛም ይገኛል። ማውረጃው ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ግን በስልክ ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ጋ ቡና ጠጡ።

ሥራው አንድ ምሽት ፈጀብኝ፣ መብራት የጠፋበትን ሁለት ሰዓት ሳልቆጥር። ራይተር የሚባለውን የጽሑፍ ክፍሉን ትከፍታላችሁ፣ ጽሑፋችሁን እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ፎርም ከሚለው ሜኑ የጽሑፍ ሳጥን፣ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን፣ ከዝርዝር የሚመረጥ ሳጥን እያነሳችሁ ባዶው ቦታ ላይ ትስላላችሁ። እያንዳንዱን ሳጥን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ፎንቱን ትመርጣላችሁ። ሲያልቅ በፒዲኤፍ ኤክስፖርት ታደርጉና «ክሪኤት ፒዲኤፍ ፎርም» የሚለው ላይ ምልክቱ መኖሩን ታያላችሁ። ይኸው ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ልማድ ሆኖብኝ በፕሪንት በኩል «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ብዬ አወጣሁት፤ ሳጥኖቹ ሁሉ ደርቀው ሥዕል ሆኑ። እንደ ኮፒ ቤቱ ልጅ ማለት ነው። ዋናውን የራይተር ፋይል ደግሞ እንዳታጠፉት፣ ነገ ማስተካከያ ሲመጣ ፒዲኤፉን መልሶ መነካካት ራስ ምታት ነው።

በጣም የወደድኩለት ነገር ፎርሙን ለኛ ሰው እንዲመች አድርጌ መቅረጽ መቻሌ ነው። ስም ላይ ሦስት ሳጥን አደረግኩ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከውጭ የሚመጡት ፎርሞች «የቤተሰብ ስም» እያሉ ስንት ሰው አያቱን አባቱ አድርገውበታል። ስምና የቤት ቁጥር ሁለተኛው ገጽ ላይም ያስፈልገኝ ስለነበር ሳጥኖቹን አንድ ዓይነት ስም ሰጠኋቸውና ኤክስፖርት ሳደርግ ተመሳሳይ ስም የሚፈቅደውን ምርጫ አበራሁ፤ አንዱ ላይ ሲጻፍ ሌላው ላይ ራሱ ይሞላል። ይህን ያየች እህቴ «አስማት ነው እንዴ» አለች።

ቀን ላይ ግን ተቸገርኩ። ፕሮግራሙ የራሱ የቀን ሳጥን አለው፣ የፈረንጅ ካላንደር ነው። የገቡበትን ቀን በፈረንጅ አስበው የሚሞሉ ሰዎች በብሎካችን ምናልባት ሦስት ይሆናሉ። ስለዚህ ቀንን ለብቻ ከ1 እስከ 30፣ ወርን ለብቻ 13ቱንም ወር በዝርዝር፣ ዓመትን በጽሑፍ አደረግኩት። ይህም እንከን አለው፤ ዝርዝሮቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። አንድ ጎረቤታችን ቤቱን የተረከቡት ጳጉሜን 17 ነው።

ስልክ ላይም ጉድ ሠራሁ። ሰው የማይሆን ነገር እንዳይጽፍ ብዬ ርዝመቱን 10 አሃዝ ላይ ገደብኩት። 09 ቢሆን 07 ቢሆን ይበቃል ብዬ ነዋ። ዱባይ ያሉት ባለቤት ቁጥራቸውን ከነአገሩ ኮድ ሲጽፉ የመጨረሻዎቹ አሃዞች አልገባ አሉ። እሳቸውም የገባውን ያህል ልከው ተቀመጡ። ስደውል አይነሳም፣ እንዴት ይነሳል! አሁን 15 አድርጌዋለሁ።

ፋይዳ ቁጥርም እናስገባ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ከእጅ ወደ እጅ በቴሌግራም በሚዞር ፋይል ላይ የሰው መታወቂያ ቁጥር ምን ይሠራል?

አሁን ኮከቦቹ ወደረገፉበት ልምጣ። አንደኛው ፊደል ነው። ሳጥኑ የተሠራበት ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሰው በአማርኛ ሲጽፍ የሚሆነው በሚከፍተው መተግበሪያ ላይ ይወሰናል፦ አንዱ ሌላ ፎንት ፈልጎ ያሳያል፣ ሌላው ባዶ ያደርገዋል፣ አንዱ ደግሞ ተራ አራት ማዕዘን ይደረድራል። የኔ የመጀመሪያው ፎርም ሳጥኖች ሄልቬቲካ ላይ ነበሩ፣ እኔ መች አስተዋልኩ። የጎረቤቴ ባል ስም ስልኩ ላይ ይታያል፣ የኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ስድስት ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ መጣ። ሁሉንም ሳጥን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወደሚባለው ነፃ ፎንት ቀየርኩና በጣም ተሻለ። ሙሉ በሙሉ ዳነ ግን አልልም፤ አንድ አሮጌ ስልክ ላይ አሁንም ያስቸግራል። ፓወር ግዕዝ ላይ የኖራችሁ ሰዎች ደግሞ፣ እነዚያ የድሮዎቹ ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያውቅበት ሥርዓት) ስላልሆኑ እዚህ ባትሞክሯቸው ይሻላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እኮ በፈረንጆች ከ1999 ጀምሮ ነው፣ ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈ።

ሁለተኛውና ጨጓራዬን የላጠው ስልክ ነው። እዚህ ጥፋቱ የሊብሬኦፊስ አይደለም፣ ግን ፎርም የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ካላወቀ ይለፋል። ላፕቶፕ ላይ ችግር የለም፤ ክሮምም ኤጅም ፋየርፎክስም ያስሞላሉ፣ የተሞላውንም ያስቀምጣሉ። የብሎካችን ሰው ግን ዘጠና ከመቶው በስልክ ነው የሚኖረው፣ ቆጥሬ ሳይሆን አይቼ ነው። ስልኩ ላይ ደግሞ ፒዲኤፍ ማንበብ ብቻ የሚችል መተግበሪያ ተጭኖ ይገኛል። ገንዘብ ያዣችን ጋሼ ደወሉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገርሽ እምቢ አለኝ። ጣቴ አለቀ።»

«ጋሼ፣ በምንድነው የከፈቱት?»

«በስልኬ ነዋ! በምን ልክፈተው?»

ቤታቸው ሄጄ የአዶቢን ነፃ አክሮባት ሪደር ጫንኩላቸው። በሱ ከፍተው ሞሉ፣ ጂቦርድ በሚባለው የጉግል መጻፊያ ላይ አማርኛ ኪቦርድም አበራሁላቸው፣ ደስ አላቸው፣ ቡና ቀረበ። ማታ ላይ ፋይሉ መጣ። ባዶ። ምን ሆኖ ነው? የተሞላው ስልካቸው ውስጥ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፣ እሳቸው ግን ቴሌግራም ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ፎርም ነው መልሰው ፎርዋርድ ያደረጉልኝ። ይህ በጋሼ ብቻ አይደለም የደረሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እንደዚሁ። በመጨረሻ ፎርሙ አናት ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ «ከሞሉ በኋላ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ሼር የሚለውን ነክተው ይላኩ፤ ቴሌግራም ላይ ያለውን መልሰው አይላኩ።» ከዚያ በኋላ ባዶ የመጣብኝ ሁለት ብቻ ነው።

ይህን ስል ግን የድሮውን አስታውሼ ዝም እላለሁ። በካፌ ኢንተርኔት ዘመን ፎርም የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ነፃው ሪደር ያስሞላችኋል፣ ከዚያ ሴቭ ስትሉ «ማስቀመጥ አይቻልም፣ አትሙት» ይላችሁ ነበር። ላኪው በሚከፈልበት አክሮባት ፈቃድ ካላስገባበት በቀር ማለት ነው። በፈረንጆች 2012 ሪደር 11 እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበር። እኔ አንድ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ስምንት ገጽ ሞልቼ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። በሰዓት ነበር የሚከፈለው ደግሞ።

ሦስተኛው ነገር ከተመለሰ በኋላ ያለው ሥራ ነው። 46 ፒዲኤፍ ተመለሰልኝ። 46ቱንም እየከፈትኩ አንድ በአንድ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። ሊብሬኦፊስ ፎርሙን ይሠራል እንጂ መልሱን ሰብስቦ ሰንጠረዥ አያደርግላችሁም። ጉግል ፎርም ቢሆን መልሱ በቀጥታ ሰንጠረዥ ላይ ይወርዳል፣ ስለ አማርኛ ፎንትም ሐሳብ የለም። እውነቱን ለመናገር ለስብሰባ ቀን ምርጫ ወይም «ሮቶው ይቀየር ወይስ ይጠገን» ለሚል ጥያቄ ጉግል ፎርምን ነው የምጠቀመው። ግን ሰው ኮኔክሽን ሳይኖረው አይሞላውም፣ በጉግል አካውንት ሳይገባ ግማሽ ሞልቶ ነገ ልጨርሰው ለሚል ሰውም አይመችም፣ ፋይል አያይዙ ካላችሁት ደግሞ በጉግል አካውንት ግቡ ይላል። ከሁሉ በላይ የኛ ሊቀመንበር ፊርማና ክብ ማህተም ያላረፈበትን ነገር መዝገብ ብለው አያምኑም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ከወጣ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዓመታት ተቆጥረዋል አልኳቸው። «ይሁና፣ ማህተሙ የታለ?» አሉኝ። ስለዚህ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ለፊርማ ባዶ መስመር ትቻለሁ፤ የተሞላው ይታተማል፣ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ይፈርማል። ለዚህ ለዚህ ፒዲኤፍ የሚወዳደረው የለም፤ ስልክ ላይ የታየው ወረቀት ላይም ያው ሆኖ ይወጣል፣ የጽሑፉ መስመር አይዛነፍም።

ፋይሉም ቀላል ነው። ሁለት ገጹ 200 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፣ ኔትወርኩ በሚያነክስበት ምሽት እንኳ ይሄዳል።

ለማን ይሆናል? ለእድር፣ ለዕቁብ፣ ለኮሚቴ፣ ለትንሽ ትምህርት ቤት፣ ሃምሳ መቶ ሰው ለሚመዘግብ ይበቃል። አምስት መቶ ሰው የምትመዘግቡ ከሆነ ግልበጣው ያሳብዳችኋል፣ አትሞክሩት። ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ከሰፈሩ አሮጌውን ስልክ ተውሳችሁ፣ በአማርኛ ሞልታችሁ፣ ልካችሁ፣ ሌላ ቦታ ከፍታችሁ እዩት። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ግማሹን ኮከብ አልቀንስበትም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ ኮፒ ላስደርግ ኮፒ ቤቱ ገብቼ ልጁ «ያ ፎርም እንዴት ሆነ?» ሲለኝ ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስኪገባው ድረስ ሁለቴ አስደገመኝ። ትናንት ሳልፍ በሩ ላይ «ስልክ ላይ የሚሞላ ፒዲኤፍ ፎርም እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዋጋውን አልጠየቅኩትም።