የልጄን ክርን ላተረፉልኝ አሰልጣኝ ምስጋና

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ቤዝቦል ላይ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ከሆነ ይቺን አንብቡልኝ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። አምና የነበረበት ቡድን ቅዳሜም እሁድም እሱን ነበር የሚያስወረውረው። ፈጣን ስለሆነ እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ ማን ይቆጥራል? አንድ ማታ እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ አየሁት። ለካ ቀኝ ክርኑን እያመመው ሁለት ሳምንት ችሎ ኖሯል። ሐኪሙ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ተቆጥቷል ብሎ አሳረፈው። ሲሻለው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እኚህን አሰልጣኝ ጠቆመችኝ።

የመጀመሪያ ቀን የኳስ ፍጥነት የሚለካውን ራዳር አላወጡም። ከመወርወሪያው እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ) መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩና "ወርውር" አሉት። ከዚያ እኔን ጠርተው የግራ እግሩን ዱካ አሳዩኝ። ከመስመሩ ወደ ግራ አንድ ስንዝር ወጥቷል። እግሩ እንዲያ ሲያርፍ ዳሌው ቀድሞ ይከፈታል፣ ክንዱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኳሷም ወደ ቀኝና ወደ ላይ ትሸሻለች። ጫናው ደግሞ ክርኑ ላይ ያርፋል። ለካ ፍጥነቱ የሚነሳው ከእግርና ከዳሌ ነው! ስድስት ሳምንት ይህንኑ ሠሩ፤ አንዳንዴ ያለ ኳስ፣ ፎጣ አስይዘው። ልጄ መጀመሪያ ላይ ተሰላችቶ ነበር፤ ቶሎ ውጤት የምትፈልጉ ይህን እወቁት።

ከርቭ ቦል (እየታጠፈ የሚሄድ ውርወራ) ገና ነው ብለውታል። ፋስትቦል (ፈጣኑ ቀጥታ ውርወራ) እና ቼንጅአፕ (እሱን መስሎ ዝግ የሚለው) ብቻ። እያንዳንዷን ውርወራ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። በሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ድርጅት) ደንብ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 በላይ አይወረውርም፤ 66 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። ልጃችሁ ሌላ ቡድን ውስጥም ከተጫወተ ግን መደመሩ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

ብርዱ ሲገባም እናስቀጥለው ብለን ከፍለን ነበር። "አራት ወር ኳስ አይወረውርም" ብለው ገንዘባችንን መለሱልን። ያን ቀን ሙሉ በሙሉ አመንኳቸው።

ዘንድሮ ራዳሩ ወጣ። ውርወራው በሰዓት ከ51 ማይል ወደ 57 ገብቷል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ካቸሩ (ኳሷን የሚቀልበው ልጅ) ጓንቱን ሳያንቀሳቅስ መቀበሉ ነው። ከእሳቸው ጋር ከጀመረ ወዲህ ክርኑን አሞት አያውቅም።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ልጄ ይተረጉምላቸዋል። የሚያሠሩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ።