ለዱባይ እረፍት የያዝኩት የዶላር ካርድ

ከጎንደር ወደ ዱባይ ለአንድ ሳምንት እረፍት ከመጓዜ በፊት፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ዶላር አስቀድሞ የሚሞላበት የቪዛ ካርድ አውጥቼ ነበር። ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዤ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ የአገልግሎት ክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ብጠይቅም የነገሩኝ በቃል ብቻ ነበር።

በአጠቃቀም ግን ካርዱ አላሳፈረኝም። የኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 1 ዶላር በ3.6725 ድርሃም እንዲመነዘር የተተመነ በመሆኑ፣ ከካርዱ የተቀነሰውን ዶላር በዚህ ቁጥር አባዝቼ ከደረሰኙ ጋር ሳስተያይ፣ በምንዛሪው ላይ የተጨመረብኝን ወዲያው ለማየት ችያለሁ፤ በሱቆች ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ወጪዬን ያናረው ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው። የካርዱ ባንክም የኤቲኤሙ ባለቤትም በየጊዜው ሊያስከፍሉ ስለሚችሉ፣ በትንሽ በትንሹ ከማውጣት አንዴ በርከት አድርጎ መያዝ ይሻላል። የክፍያ ማሽኑ በዶላር ወይስ በድርሃም ብሎ ሲጠይቅም ድርሃም መምረጥ ይገባል፤ ዶላር ከተመረጠ ምንዛሪውን የሚሠራው በነጋዴው በኩል ያለው ድርጅት ነው፣ ተመኑም አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ በረሃብ ተጣድፌ፣ አንድ እራት በዶላር ከፍያለሁ።

ሆቴሉ ለመያዣ ያገደው ገንዘብ የተለቀቀልኝ ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ስለሆነ፣ ካርዱ ላይ ከታቀደው በላይ መሙላት ያስፈልጋል። ቅርንጫፉ የክፍያ ዝርዝሩን በግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ለሚቀጥለው ጉዞም ወደዚያው እሄድ ነበር።