የግራር ሙጫ ዱቄት ለብርና ለወርቅ ናኖቅንጣቶች፦ አያያዙ ጥሩ፣ አለቃቀቁ አስቸጋሪ

ጋም አረቢክ የሚባለው የግራር ሙጫ ናኖቅንጣት (በናኖሜትር የሚለካ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) እንዳይጓጉል ከሚይዙት የተፈጥሮ ፖሊመሮች (ረጃጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውሎች) ሁሉ ለአያያዝ የሚቀለው ነው። ደቃቁ ዱቄት ይመረጣል፤ ጥሬው ሙጫ የቅርፊት ስብርባሪና አሸዋ ይዞ ይመጣል። 1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ፣ እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ መነስነስ ነው። በአንዴ ከተገለበጠ ጓል ይሠራል፤ የጓሉም ውስጥ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። አሳድሮ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ዝቃጭ በሚለይ መሣሪያ) ዝቃጩን ማስወገድ ያስፈልጋል።

የዱቄቱ ዋና ጉድለት ጨው ነው። ከሙጫው ውሃ ትንሽ ወስዶ አንድ ጠብታ ቀጭን ናይትሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ማድረግ ነው፤ ነጭ ጉም ከታየ ክሎራይድ አለበት። እንዲህ ያለውን ሳያጥቡ መጠቀም ብሩን ገና ከጅምሩ ማባከን ነው። ዲያሊሲስ፣ ማለትም ጨውን አሳልፎ ሙጫውን በሚያስቀር ከረጢት ውስጥ አድርጎ በውሃ ማጠብ፣ ያጠራዋል።

ለብር 0.5 በመቶ ሙጫና 1 ሚሊሞላር ሲልቨር ናይትሬት ይበቃል። በበረዶ የቀዘቀዘ፣ ያኔውኑ የተበጠበጠ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ (የብር አዮኑን ወደ ብር የሚለውጠው) በሞል የብሩን እጥፍ ያህል በጠብታ ይጨመራል። ጥርት ያለ ቢጫና በብርሃን መምጠጥ ልኬት 400 ናኖሜትር አካባቢ የሚታይ ጠባብ ጫፍ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ግራጫ ካደላ ቅንጣቶቹ ተጓጉለዋል።

በካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት በሚሠራ ሌላ ፖሊመር) ይህ ሁሉ ይከብዳል፦ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል፣ አሲዱ ቦሮሃይድራይዱን በአረፋ ይጨርሰዋል፣ ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ደግሞ ፖሊመሩ ይዘቅጣል። አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያለው ገጽ የግድ ከሆነ ግን ሙጫው አይተካውም፤ ካርቦክሲሉ አሉታዊ ነው።

የሙጫው ጉልበት ያለው በውፍረቱ ነው። ቅንጣቶቹን የሚያራርቀው በዋናነት ሰፊው የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ ዜታ ፖቴንሻሉ (ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ሙል የሚገፋፉበትን ልክ የሚያሳየው) ከ30 ሚሊቮልት ቢያንስ አያስደነግጥም። ሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) ብቻ የለበሰ ወርቅ 0.1 ሞላር የገበታ ጨው ሲገባበት ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በሙጫ በደንብ የተሸፈነው ቀይ እንደሆነ ይቆያል።

ያው ውፍረት ለካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን ለማፋጠን) ሥራ ዕዳ ነው፤ ገጹን ይዘጋል። ትርፉን ሙጫ በ14 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የዲያሊሲስ ከረጢት ለማውጣት መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ የሙጫው ሞለኪውል በመቶዎች ኪሎዳልተን የሚቆጠር ነው። በሴንትሪፊዩጅ ደጋግሞ ማጠብ ይሻላል።

የሙጫ ውሃ ቶሎ ይሻግታል። በትንሽ በትንሹ አዘጋጅቶ በ4 ዲግሪ ማስቀመጥ እንጂ ሶዲየም አዛይድ መጨመር አይገባም፤ ከብር ጋር ሊፈነዳ የሚችል ውህድ ይፈጥራል።